የሽያጭ ታክስ ለአስፋልት ወይስ ለእሳት ዘብ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ታክስ ለመናገር ነው። ታክስ የሚለውን ቃል ገና ሲሰማ የሚያዛጋ እንዳለ እናውቃለን። ጉዳዩ የነጋዴና የገቢዎች ሠራተኛ ነው ፤ ተማሪን ምን አገባው የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን እኛ ወደዚህ ጉዳይ የገባነው በመጽሐፍ በኩል ሳይሆን በእሳት በኩል ስለ ሆነ ፤ አስቀድመን ያየነውን እንንገራችሁ።

ከእኛ መካከል አራታችን በገራዶ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ባለፈው በጋ አንድ ሌሊት ከጎረቤት ግቢ «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ሰምተን ወጣን። የሚነደው ማድ ቤቱ ነበር። ከምድጃ የቀረ ፍም አጠገቡ ከተከመረው ጭራሮ ደርሶ ፤ ነበልባሉ እስከ ቆርቆሮው ወጥቷል። ሴቱም ወንዱም ጄሪካን ተሸክሞ ይሮጣል ፤ አንዱ አፈር ይበትናል ፤ ሌላው ዶንያ በውሃ ነክሮ ይመታል። ደግነቱ ነፋስ አልነበረምና እሳቱ ወደ ዋናው ቤት ሳይሻገር ጠፋ። ሁሉ ካበቃ በኋላ አንድ ትንሽ ልጅ «ለመሆኑ የእሳት አደጋ ስልክ ስንት ቁጥር ነው?» ብሎ ጠየቀ። በግቢው ውስጥ ከሠላሳ የማያንስ ሰው ቆሞ ነበር ፤ አራቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ቁጥሩን የሚያውቅ አንድ ሰው አልተገኘም። አፈርን።

በማግስቱ የሰፈሩ ቅሬ ተሰብስቦ ለባለቤቲቱ መጠገኛ ገንዘብ አዋጣ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ፤ እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለውን ማኅበር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛም ወደ ቤታችን ስንመለስ ፤ ሰዉ ለመቀበር በየወሩ ይከፍላል ፤ ከእሳት ለመዳን የሚከፍለው ግን የለም ተባባልን። ወዲያው ከመካከላችን አንዱ ይህን ነገር አረመው። «እንከፍላለን እንጂ! ሳሙና ስንገዛ ፤ ሸሚዝ ስንገዛ ፤ ለስላሳ ስንጠጣ እንከፍላለን። የት እንደሚደርስ አንጠይቅም እንጂ» አለ። የዛሬው ንግግራችን የተወለደው ከዚህች ቃል ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በአገራችን የሽያጭ ታክስ ይባል የነበረው በ1995 ዓ.ም. ቀርቶ ፤ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 መሠረት የተጨማሪ እሴት ታክስ ተተክቷል። መጠኑም ከመቶ 15 ነው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ሲወጣም ይህ መጠን አልተለወጠም። ስሙ ይለወጥ እንጂ ፤ ነጋዴው ሰብሳቢ ፤ ገዢው ግን ከፋይ መሆኑ እንደ ቀድሞው ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 እንደ ተጻፈው ደግሞ በግል ነጋዴዎች ላይ የሥራ ግብርና የሽያጭ ታክስ የመጣል ሥልጣን የተሰጠው ለክልል ነው። ስለዚህ ደሴም ሆነች ኮምቦልቻ በገዛ ሥልጣናቸው የሽያጭ ታክስ ሊጥሉ አይችሉም። እኛ በደሴ ገበያ የከፈልነው ወደ ላይ ወጥቶ ፤ ከሌላው ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ፤ በበጀት ስም ተመልሶ ይወርዳል። ሲወርድም ይህ ለእንቅልፋችሁ ዘብ ነው የሚል ስም ተጽፎበት አይወርድም።

ከተማ የሚተዳደረው በሁለት ቋት ነው። አንደኛው ከክልል የሚመጣው በጀት ነው ፤ የመምህሩ ፤ የሐኪሙና የፖሊሱ ደመወዝ ከዚህ ይወጣል። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ የሚሰበስበው ነው ፤ ይኸውም የመሬት ሊዝ ፤ የቦታ ኪራይና ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ ነው። መንገዱ ፤ ቦዩ ፤ የቆሻሻው ማንሻ ፤ የመንገድ መብራቱና የእሳት አደጋው ሥራ የሚጠባበቁት ይህን ሁለተኛውን ቋት ነው። እንግዲህ እሳት አጥፊው ከአስፋልቱና ከመብራቱ ጋር በአንድ ገበታ ቀርቦ ይሻማል ማለት ነው። በዚህ ሽሚያ ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አስፋልት ሲያልቅ ሪባን ይቆረጥለታል ፤ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ምንም እሳት ሳይነሣ ያነጋ ዘብ ግን ምን ተብሎ ይመረቃል? የሥራው ፍሬ ያልሆነው ነገር ነው። ያልተቃጠለ ሱቅ ደግሞ በሪፖርት አይጻፍም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው ብለን ስንመረምር ፤ አንዱ ጠቃሚ ሌላው ከንቱ ስለ ሆነ አይደለም። ልዩነቱ በገንዘቡ ጠባይ ላይ ነው። መንገድ አንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ይበላና ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ዘብ ግን በየወሩ ጥቂት ይበላል ፤ አንድ ወር ከተቋረጠበትም የለም ማለት ነው። አንድ ቀላል ስሌት እናቅርብ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 48 ሰዓት ቢሠራ ፤ አንዲቱን የዘብ ቦታ ሌሊትና ቀን ሳትከፈት ለመጠበቅ ሦስት ሰው ተኩል ያስፈልጋል። አንድ የእሳት ማጥፊያ መኪና አራት ሰው ይዞ ይንቀሳቀስ ብንል 14 ሰው ይሆናል። የታመመና ዓመት ፈቃድ የወጣ ሲታሰብ ደግሞ 16 ቢሆን ነው የሚበቃው። ይህ ሁሉ ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ስለዚህ መኪና ተገዛ ብሎ ማጨብጨብ ፤ በሬ ገዝቶ አራሽ እንደ መርሳት ይቆጠራል።

የልማት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ የተደገፈው የከተሞች ልማት ፕሮግራም መጀመሪያ ከታቀፉት 19 ከተሞች መካከል ደሴና ኮምቦልቻ ይገኛሉ። በየሰፈሩ የምንረግጠው ድንጋይ ንጣፍና የጎርፍ መውረጃ ቦይ የዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ሥራ ነው። ገንዘቡ የተሰጠው ለግንባታ እንጂ ለደመወዝ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ተሻግሮ ደሴም ኮምቦልቻም ገብቷል። ሁሉም ለሚሠራ ነገር ገንዘብ ሲፈልግ ፤ ለሚነቃ ሰው ግን የሚፈልግ የለም።

ይህን ስንል መንገድን የምንነቅፍ እንዳይመስላችሁ። በጠባብ መንገድ የእሳት ዘብ ምን ሊያደርግ ይችላል? ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት አስታውሱ። እሳት አጥፊዎች ከነመኪናቸው ደርሰው ሳለ ፤ የመንገዱ ጥበትና የሱቆቹ መተፋፈግ ሥራውን አከበደባቸው ፤ የነጋዴው የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሐርጌሳ የዋሂን ገበያ ሲቃጠል እንዲሁ ሆኗል። ሁለት ሺህ ያህል ሱቆች እንደ ወደሙ ተነግሯል ፤ የእሳት መኪኖቹም በመተላለፊያው ላይ በተደረደረው መደብ ምክንያት ወደ ውስጥ መግባት ተስኗቸው ነበር። እንግዲህ መንገድና ዘብ ባልና ሚስት ናቸው ፤ አንዱ ያለ ሌላው ቤት አያቆምም። ጠባችን አንዱ ሲዳር ሌላው ሳይጠራ በመቅረቱ ነው።

ይህ ክርክር በእኛ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ የኦክላሆማ ሲቲ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1989 ድምፅ ሰጥቶ ፤ ከእያንዳንዱ ዶላር ሽያጭ የሳንቲም ሦስት አራተኛ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሥራ ብቻ እንዲውል ፤ ጊዜውም እንዳይገደብ ወሰነ። በ1993 ደግሞ ሌላ የአንድ ሳንቲም ታክስ ፈቀደ። ይህኛው ለስታዲየም ፤ ለቤተ መጻሕፍትና ለመሳሰሉት የከተማ ማሻሻያ ሥራዎች ሲሆን ፤ የጊዜ ገደብ ነበረው። በ2009 ተመሳሳይ የማሻሻያ ታክስ እንደ ገና ሲቀርብ የፖሊስና የእሳት አጥፊዎች ማኅበሮች «እኛ ሰው አንሶን ሳለ ለጌጥ አይከፈልም» በሚል መንፈስ ተቃወሙት። ሕዝቡ ግን በጠባብ ብልጫ አሳለፈው። በ2017 ነገሩ ታረመ። ለመንገድ ጥገና ጊዜው የተወሰነ ታክስ ፤ በዋነኛነት ለተጨማሪ ፖሊሶችና እሳት አጥፊዎች ደግሞ ጊዜው ያልተወሰነ የሩብ ሳንቲም ታክስ በአንድ ቀን ተፈቀዱ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ለሚያልቅ ሥራ የሚያልቅ ታክስ ፤ ለማያልቅ ሥራ የማያልቅ ታክስ።

ወደ ኋላ ብንሄድም ነገሩ ጥንታዊ ነው። የሮማው ቄሣር አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ6 ዓመተ ምሕረት ከተማዪቱን ከእሳት የሚጠብቁ ሰባት የሌሊት ዘብ ጭፍሮች ሲያቆም ፤ ቀለባቸው በሽያጭ ላይ ከተጣለ ታክስ እንዲከፈል አደረገ። ገበያ በየዕለቱ ይውላልና ፤ የዕለት ገንዘብ ለዕለት ዘብ መዋሉ ብልህነት ነው። ነገር ግን ያ ታክስ የተጣለው በባሮች ሽያጭ ላይ ነበር። ስለዚህ ከታሪኩ ሁለተኛ ትምህርት እንወስዳለን። ታክስ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን ከማን ትከሻ ላይ እንደሚወርድም መጠየቅ አለበት።

በዚህ ነጥብ ላይ ከመካከላችን ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቷል ፤ ልንሰውረው አይገባም። የሽያጭ ታክስ ከሁሉ ይልቅ የሚጫነው ደሃውን ነው። ባለጠጋ ከገቢው ጥቂቱን ይበላል ፤ ደሃው ግን ያገኘውን ሁሉ ለዕለት ፍጆታው ያውለዋልና ፤ ከመቶ 15ቱ በእርሱ ላይ ይከብዳል። ይህ እውነት ነው። ስለዚህም እኛ አዲስ ታክስ ይጨመር አንልም። አሁን ከሚከፈለው ላይ ድርሻው በስሙ ይለይ ነው የምንለው። ደሃው ታክሱን አስቀድሞ እየከፈለ ነው። በዚያ ላይ በየሰፈሩ ለሌሊት ዘበኛ በየወሩ ያዋጣል ፤ ይህም ስም ያልወጣለት ሁለተኛ ታክስ ነው። እሳት ሲነሣም ቀድሞ የሚነደው የእርሱ የጭቃና የእንጨት ቤት ነው። ባለጠጋው ኢንሹራንስ አለው። የደሃው ኢንሹራንስ ጎረቤቱ የያዘው ጄሪካን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ፖሊስ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በደረሰው ግጭት ሳቢያ ብዙ ሰው መሣሪያ የያዘ ሰው ማየት ሰልችቶታል ፤ ለፖሊስ ገንዘብ ይጨመር ሲባልም ይጨነቃል። እኛ የምንለው ፖሊስ የሌባውን ክስ የሚመዘግበው ፤ የገበያውን መተላለፊያ ክፍት የሚያደርገው ፤ በሌሊት የምትመለሰውን እኅታችንን የሚጠብቀው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በደመወዙ ካልኖረ ከሚጠብቀው ሰው ኪስ ለመኖር ይፈተናል። ደህና ደመወዝና ግልጽ ተጠያቂነት አብረው ይሂዱ ስንል ምክንያታችን ይህ ነው።

ደግሞስ ደሴ ያለ ዘብ መቅረት ምን እንደ ሆነ የማታውቅ ከተማ ናትን? ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ተቀጣጣይ ቦምብ አዝንበው አቃጥለዋታል ፤ በዚያን ቀን እሳቱን ለማጥፋት የተሯሯጠው ባዶ እጁን የነበረው ሕዝብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ ዘብም ማዘጋጃ ቤትም እንደሌለው ሆነው ቆይተዋል። የሱቁ ቁልፍ የተሰበረበት ፤ የፋብሪካው ዕቃ የተጫነበት ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ። ሥርዓት ሲኖር አይታይም ፤ ሲጠፋ ግን በአንድ ሌሊት ይታያል።

ኮምቦልቻንም በልዩ እናስባት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፤ የቢራ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉት እዚያ ነው። ጥጥ ፤ ክርና ነዳጅ ባሉበት ከተማ እሳት ቢነሣ ፤ ከደሴ የሚላክ እርዳታ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሊወርድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲሆን ደግሞ ያው መንገድ ዳገት ይሆናል። ቆርቆሮ ቤት በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል ፤ ሐረጎ ግን በደቂቃዎች አያልቅም። ስለዚህ አንዲቱ ከተማ በሌላይቱ ተማምና ልትተኛ አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኛ ሐሳብ አራት ነው።

1ኛ/ የክልሉ ምክር ቤት ፤ ከከተሞች ገበያ ከተሰበሰበው የሽያጭ ታክስ የተወሰነ እጅ ለእሳት አደጋና ለከተማ ፖሊስ የሰው ኃይል ብቻ እንዲውል በደንብ ይወስንልን። ለምሳሌ ያህል መቶ ብር ከሚያወጣ ዕቃ ላይ ከሚከፈለው 15 ብር ውስጥ 50 ሳንቲም ብቻ ቢለይ ፤ ሌላውን ሥራ ሳይጎዳ ወር በወር የማይነጥፍ ምንጭ ይሆናል።

2ኛ/ የመሬት ሊዝ ፤ ብድርና እርዳታ ፤ እነዚህ አንድ ጊዜ የሚመጡ ገንዘቦች ፤ አንድ ጊዜ ለሚሠራ ነገር ይዋሉ። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ከተሞችን አዲስ ገቢ ያስገኛቸዋል። ቤቱ የተከፈለበት ሰው ቤቱን ከእሳት የሚጠብቅለት መጠየቅ መብቱ ነው።

3ኛ/ ማንኛውም የመንገድና የኮሪደር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄ ይመልስ። የእሳት መኪና ያልፍበታልን? የውሃ መቅጃ አለውን? ወደ ሰፈሩ ውስጥ ፤ እንደ ገራዶ ወዳለው ዳርቻም ጭምር ፤ ያደርሳልን? ዋናውን መንገድ አስጊጦ የውስጡን ሰፈር እንደ ዘጋ መተው ፤ ካባ ደርቦ በባዶ እግር መሄድ ነው።

4ኛ/ ሒሳቡ በቅሬ ደንብ ይያዝ። በቅሬ ዘንድ የቀብር ገንዘብ ለቀብር ነው ፤ ድንኳኑን ለማስጌጥ አይወጣም። በየጊዜው በአባላት ፊት ይነበባል ፤ የጎደለውንም ዳኛው ይጠይቃል። ፊደል ያልቆጠሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ የኖሩ ናቸውና ፤ የተማሩ ሰዎች የሞሉበት ማዘጋጃ ቤት አልችልም ሊል አይገባውም። የታክሱ ድርሻ ስንት እንደ ገባ ፤ ስንት ዘብ እንደ ተቀጠረበት ፤ ስንት ጥሪ በስንት ደቂቃ እንደ ተመለሰ ወር በወር በሰሌዳ ይለጠፍ።

ጓደኞቻችን ፤ ምናልባት ይህን ሁሉ ለምክር ቤት ንገሩ እንጂ ለእኛ ምን ትነግሩናላችሁ ትሉን ይሆናል። የምንነግራችሁ ፤ መንግሥትን ከመጠየቃችን በፊት በራሳችን ያየነው ጉድለት ስላለ ነው። በዚያ ሌሊት በገራዶ የስልክ ቁጥር ያላወቅነው እኛ ነን። ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። አንደኛ ፤ የእሳት አደጋና የፖሊስ ስልክ ቁጥር በየመኝታ ቤቱና ተማሪ በተከራየበት ግቢ ሁሉ በትልልቅ ጽሑፍ ይለጠፍ። ሁለተኛ ፤ ከመምህራኖቻችን መካከል ሒሳብና ሕግ የሚያውቁት እየመሩን ፤ የሁለቱን ከተሞች በጀት የሚመረምር አንድ ኮሚቴ ይቋቋምና ፤ ያገኘነውን በዚህ ጋዜጣ ላይ እናውጣ። ቁጥር የሌለው ጩኸት ለቅሶ ነው ፤ ቁጥር ያለው ጩኸት ግን አቤቱታ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እኛ ወር በወር ቅጠሉን እየገዛን ነው ፤ የተገዛው ቅጠል የት እንዳለ ግን ማንም አላሳየንም። ያች የገራዶ እናት ማድ ቤቷን ጠግና ዛሬም እንጀራ ትጋግራለች። እሳቱ እንደ ገና ቢነሣ ፤ ነፋስም ቢኖርበት ፤ ከጄሪካን የተሻለ ነገር እንዲደርስላት ማድረግ ከእኛ ይጠበቃል።